ላፍርጠው ወይስ ልጠብቅ? የወተት ላም ላይ ስለሚወጣ መግል የቋጠረ እብጠት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ በቦኩ ግርጌም ሆነ በወንጂ መውጫ፣ ሁለትም አራትም ድቅል ላም ጓሮው አስሮ ወተት የሚሸጥ ቤተሰብ ብዙ ነው። በእንስሳት ጤና ሥራዬ እነዚህን ግቢዎች ስዞር ከጡት በሽታ ቀጥሎ አዘውትሬ የምጠራው ለእብጠት ነው። ጥያቄውም ሁሌ አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ላፍርጠው?» ብዙ ጊዜ «ገና ነው» እላለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ «በጭራሽ እንዳትነኩት» እላለሁ። በችኮላ በተሰነዘረ ምላጭ ስትሞት ያየኋት ላም ስላለች ነው እንዲህ የምጠነቀቀው።

መግል መሆኑን በምን ልወቅ?

በእጅዎ ከመንካትዎ በፊት እብጠቱ መቼ እንደጀመረ ያስታውሱ። መግል በአንድ ሌሊት አይቋጥርም። መጀመሪያ ጠንካራ፣ የሚሞቅና ላሟ ሲነኩባት የምትሸሽበት እብጠት ይሆናል። ከዚያ ከአንድ ሳምንት እስከ ጥቂት ሳምንታት ባለው ጊዜ ዙሪያውን ግድግዳ እያበጀ መሀሉ ይለሰልሳል። የበሰለ እባጭ አንድ ቦታው ላይ ፀጉሩ ይሳሳል፣ ቆዳው ይቀጥናል፤ ሁለት ጣት አስቀምጠው በአንዱ ቢጫኑት ሌላው ጣት ላይ ገፋ ሲያደርግ ይሰማዎታል።

ትናንት ማታ ያልነበረ፣ ዛሬ ጠዋት ግን የእንስራ ያህል ሆኖ ያገኙት ለስላሳ እብጠት ብዙውን ጊዜ መግል አይደለም። ላሟ በቀንድ ተወግታ ወይም ከበር መቃን ጋር ተላትማ ከቆዳ ስር የፈሰሰ ደም ሊሆን ይችላል።

የሚያስተማምነው መርፌ ነው። ባለሙያው ቦታውን ይላጫል፣ በሳሙና ያጥባል፣ አዮዲን ይቀባል፤ ቁጥር 16 ወይም 18 መርፌ አስገብቶ በሲሪንጅ ይስባል። ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴማ ነገር ከወጣ መግል ነው። ደም ከወጣ እዚያው ይቆማል። መግሉ በጣም ወፍራም ሆኖ በመርፌው አልወጣ የሚልበት ጊዜም አለ፤ ያኔ የመርፌውን ጫፍ ነጭ ጎዝ ላይ ጠረግ አድርጎ ማየት ነው።

ፈጽሞ ምላጭ የማይነካቸው እብጠቶች የትኞቹ ናቸው?

ሌላውን ቢዘሉት እንኳ ይህን ያንብቡ።

አዲስ የደም እብጠት አይከፈትም። የተቀደደው የደም ስር ገና ስላልተዘጋ የሚያፍነው የቆዳው ጫና ብቻ ነው፤ ሲከፍቱት ላሟ ደሟ ፈሶ ልትሞት ትችላለች። አብዛኛው ራሱ ይመጠጣል፤ ካልተመጠጠም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሐኪም ያየዋል።

የጥጃ እትብት ላይ ያለ እብጠት መግል ሊሆን ይችላል፣ ከሆድ ግድግዳ ሾልኮ የወጣ አንጀትም ሊሆን ይችላል። ጥጃውን በጀርባው አጋድሞ ሲጫኑት ወደ ሆድ የሚመለስ ከሆነና ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ካለው አንጀት ነው። አይመለስም ማለት ግን አንጀት አይደለም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜ ስላለ እትብት ሁልጊዜ የሐኪም ሥራ ነው።

የፊት ጉልበት ላይ የሚወጣ ውሃ የቋጠረ እብጠትም አለ። ሲሚንቶ ላይ ስትተኛና ስትነሳ በሚደርስባት ግጭት ሊመጣ ይችላል። እኛ አገር ግን ብሩሴሎሲስ፣ ማለትም ላሞችን የሚያስወርደው በሽታ፣ ቆይቶ ጉልበት ላይ እንዲህ ያለ እብጠት እንደሚያወጣ መዘንጋት የለበትም። ፈሳሹ ውስጥ ጀርሙ ይኖራል፤ ሰውንም ይይዛል። በባዶ እጅ የሚያፈርጡት ሰዎች ያሳስቡኛል።

መንጋጋ አጥንት ላይ የተጣበቀ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ ቢገፉት የማይንቀሳቀስ እብጠት የአጥንት በሽታ ነው፤ ሕክምናው ሌላ ነው። ጉሮሮ፣ ትከሻ ፊት ወይም ብሽሽት ላይ ያበጡ እጢዎች ደግሞ የከብት ቲቢ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በተለይ ላሟ ከከሳችና ከሳለች። መላ ሰውነቷ ላይ ብዙ ትናንሽ እብጠቶች ከትኩሳት ጋር ከወጡ የጉርብርብ በሽታ ነው ብለው ይጠርጥሩ፤ ወዲያው ይለዩዋትና ይደውሉ። ደረቷ ስር፣ በሁለቱ የፊት እግሮች መካከል ያበጠ፣ በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር እብጠት የዋጠችው ሽቦ ወይም ምስማር ልቧን እንደጎዳው ሊያመለክት ይችላል። ግንባታ በማያባራበት ከተማ ሳሩ ውስጥ ሽቦ አይጠፋም።

በተለይ ወጣት ከብት በድንገት አንካሳ ሆኖ፣ ታፋው ወይም ትከሻው አብጦ፣ እብጠቱ ሲዳሰስ ከቆዳው ስር አየር እንዳለው ሁሉ ኮሽ ኮሽ የሚል ከሆነና ትኩሳቱ ከፍ ካለ አባ ጎርባ ነው። ሰዓታት የሚቆጠሩበት በሽታ ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል፤ አስተማማኙ መፍትሔ ሳይታመሙ ማስከተብ ነው።

ግት ላይ ያለ እባጭም በቤት አይፈረጥም።

ለመሆኑ ከምን መጣብኝ?

ጀርሞቹ ቀድሞውኑ ላሟ ቆዳ ላይና አፏ ውስጥ አሉ። ዋነኛው ትሩፐሬላ ፓዮጂንስ ይባላል፤ የሚጠብቀው የሚገባበት ቀዳዳ ብቻ ነው። ቀዳዳውን የሚከፍቱለት የእሾህ አጥር፣ የተነቀለ ቆርቆሮ፣ የመኖ ገንዳ ላይ የወጣ ምስማርና መዥገር ናቸው። ሰውነቱ በቀለም የተዥጎረጎረው ትልቁ መዥገር አፉ ረጅም ስለሆነ ጠልቆ ይነክሳል። ጎትተው ሲነቅሉት አፉ ተቆርጦ ይቀራል፣ ቦታውም ይመግላል። ብሽሽትና ግት አካባቢ ያለ እባጭ ብዙ ጊዜ መነሻው ይኸው ነው።

በእኔ ዓይን ግን ትልቁ ጥፋት ከእኛው ከባለሙያዎችና ከአርቢዎች እጅ ይወጣል። አንገት ወይም ታፋ ላይ ብቻውን ለሚወጣ እባጭ መጀመሪያ የምጠይቀው «ባለፈው ወር መርፌ ተወግታ ነበር?» ብዬ ነው። ደጋግሞ ያገለገለ መርፌ፣ ጭቃና እበት በተለጠፈበት ቆዳ ላይ መውጋት፣ 20 ሲሲ በአንድ ቦታ መገፍተር፤ እባጭ የሚሠራው እንዲህ ነው። ለአንድ ላም አንድ ንጹህ መርፌ ይበቃል፤ በአንድ ቦታ ከ10 ሲሲ አይለፍ። ወጊው ሲመጣ መርፌውን ከማሸጊያው ሲያወጣ ቆመው ይዩ። ማንም ቅር ሊሰኝ አይገባም።

ገና ጠንካራ ነው። ቶሎ እንዲበስል ምን ላድርግ?

ሙቅ ውሃ ነው፤ እጅዎ የሚችለው ሙቀት። ፎጣ ነክረው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዙበት፤ ጠዋትና ማታ፣ ከቻሉ ቀትር ላይም። ጥቁሩን የኢክታሞል ቅባት የሚጠቀሙ አሉ፤ አልቃወምም። ጠንካራ እባጭ ቀድመው ቢቆርጡ ግን ከደም በቀር የሚወጣ የለም፣ ጀርሙም ወደ ጤናማው ሥጋ ይሰራጫል።

እየጠበቁ ሙቀቷን ይለኩ። የላም ጤናማ ሙቀት ከ38 እስከ 39.3 ዲግሪ ነው። ከ39.5 ካለፈ፣ መብላት ካቆመች፣ ወይም እብጠቱ ወሰን አጥቶ እየተዘረጋ ከሄደ መጠበቁ ይብቃ።

በስሏል። እንዴት ነው የሚፈረጠው?

መጀመሪያ ቦታውን እንይ። የጉሮሮ ጎንና ጎን ላይ ትልቅ የደም ስር አለ። ከጆሮ ስር የፊት ነርቭና የምራቅ እጢ አሉ። ሆዷ ስር እንደ ገመድ ተጠማዞ የሚታየው የወተት ደም ስር ነው። መገጣጠሚያም አለ። እባጩ ከእነዚህ አጠገብ ከሆነ ወይም ከሁለት ቡጢ ከበለጠ ሐኪም ይጥሩ። ጀርባዋ፣ ታፋዋ ወይም ጎኗ ላይ ያለ፣ በመርፌ የተረጋገጠ ትንሽ እባጭ ግን ልምድ ያለው የቀበሌ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። እርስዎ ላሟን ይይዛሉ፣ ውሃ ያቀርባሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የ10 ቀን ሥራ ደግሞ የእርስዎ ነው።

ክራሽ (ላሟ ቆማ የምትያዝበት ጠባብ ማገጃ) ያለው ግቢ ጥሩ ነው። ከሌለ ከጠንካራ ግንድ ጋር አጭር አድርገው ያስሩ፣ አፍንጫዋን የሚይዝ ሰው ይኑር፣ የኋላ እግሯም ይያዝ። የጨነቃት ላም የምትራገጠው ከምላጩ በፊት፣ ገና ስትታጠብ ነው። ማደንዘዣውን፣ ሊዶካይንን፣ የሚወጋላት ሐኪም ነው።

ፀጉሩ ይላጫል፤ በሳሙና ከዚያም በአዮዲን ይታጠባል። ጓንት የግድ ነው። ከስር ባልዲ ወይም ያረጀ ጀሪካን ተቆርጦ ይቀመጣል፤ መግል መሬት ላይ መፍሰስ የለበትም። ምላጩ የሚገባው እባጩ ለስላሳ በሆነበትና ዝቅ ባለው ጫፍ ላይ ነው፤ ላሟ ቆማ ሳለች ወደ ታች እንዲፈስ። ቀዳዳው ሁለት ጣት የሚያስገባ፣ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሰው ይህን ሲያይ ይሳሳል፣ «ጠበብ አድርገው» ይለኛል። ጠባብ ቀዳዳ በሁለት ቀን ይዘጋል፣ መግሉም ይመለሳል።

መግሉ በራሱ ይፍሰስ። እንደ ብጉር በኃይል አይጨመቅም፤ ግድግዳው ቢቀደድ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ጓንት ያደረገ ጣት ገብቶ ውስጥ የተከፋፈለ ኪስ ወይም የቀረ እሾህ፣ የሽቦ ቁራጭ እንዳለ ይፈትሻል። እሾሁ ከቀረ ምንም ቢያጥቡ አይድንም።

ማጠቢያው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ነው፤ በ1 ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው (አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ያልተቆለለ) ወይም 10 ሚሊ ሊትር ባለ 10 ፐርሰንት ፖቪዶን አዮዲን ይገባበታል። መልኩ የቀጠነ ሻይ መምሰል አለበት። ያልተበጠበጠው አዮዲን አዲሱን ሥጋ ያቃጥላል። መርፌው የወለቀ 60 ሲሲ ሲሪንጅ ተሞልቶ ቀስ ተብሎ ይረጫል፤ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ይደገማል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መጀመሪያ ቀን አንዴ ቢሆን ችግር የለውም፤ በየቀኑ ግን አይሁን፣ ቁስሉን ያዘገያል። ከዚያ በአዮዲን የራሰ ጎዝ ገብቶ ጫፉ ውጭ ይንጠልጠል፤ በማግስቱ ይወጣል።

የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ጠዋትና ማታ ማጠብ፤ ከዚያ እስከ 7 ወይም 10 ቀን በቀን አንዴ። ቁስሉ ከታች ወደ ላይ ሞልቶ መዳን አለበት፤ ላዩ ቀድሞ ከተዘጋ ጣትዎን በጓንት አስገብተው እንደገና ይክፈቱት። አይሰፋም፣ ላዩም በፋሻ አይታፈንም።

ባልዲው ውስጥ ያለው መግልና ጎዙ ሁሉ ይቃጠል ወይም ውሻ የማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ወለሉ በሳሙና ታጥቦ ከዚያ በረኪና ይፍሰስበት። ቅደም ተከተሉን አይለውጡት፤ በረኪና መግልና እበት ላይ አቅም የለውም።

ፈርጦ ነበር፤ መልሶ ቋጠረ። ለምን?

ይህ እኔም የሠራሁት ስህተት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ግቢ ሄጄ የላማቸውን የትከሻ እባጭ ከፈትኩ። የከፈትኩት ግን ቆዳው የሳሳበት መሀሉ ላይ ነበር፤ አንድ ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ወፍራም እንደ አይብ የቆራረጠ መግል ወጣ፣ እብጠቱ ተሟሸሸ፣ ተመሰገንኩ፣ ሄድኩ። በ9ኛው ቀን ደወሉ። ስደርስ ከበፊቱ በልጦ ነበር። ታችኛው ኪስ ውስጥ የቀረው መግል መውጫ አጥቶ ወደ ጎን ተስፋፍቷል። ታች ከፍቼ ሳጥበው እናትየው አጠገቤ ቆመው ውሃ እያቀበሉኝ «ልጄ፣ መጀመሪያውኑ እንዲህ ብታደርገውስ?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ላሟ ተጨማሪ ሁለት ሳምንት ተሰቃየች።

ስለዚህ መልሶ ከቋጠረ ቀዳዳው ከፍ ብሎ ተከፍቷል፣ ወይም ጠቦ ተዘግቷል፣ ወይም ውስጡ እንግዳ ነገር ቀርቷል። ሦስቱም ከሌሉ ሐኪሙ ናሙና ወስዶ አሰላ ላለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይላክ።

አንቲባዮቲክ ይወጋልኝ?

በብዙ አጋጣሚ አያስፈልግም። ግድግዳ ያበጀ እባጭ ውስጥ ደም ስለማይገባ በደም የሚሄደው መድኃኒትም አይደርስበትም። «ፔንስትሬፕ ተወጋላት፣ እብጠቱ ግን አልጎደለም» የሚለውን ስሞታ ስሰማ አይገርመኝም። ገንዘቡም ወጣ፣ ወተቱም ተደፋ፣ መግሉም እዚያው ነው።

የሚያስፈልገው ትኩሳት ሲኖር፣ እብጠቱ ወሰን የለሽ ሲሆን፣ ብዙ ቦታ ሲወጣ፣ ወይም መገጣጠሚያ አጠገብ ሲሆን ነው። ያኔም መድኃኒቱን፣ መጠኑንና ቀኑን ሐኪም ይወስን። ሁለት ቀን ወግቶ «ተሻላት» ብሎ ማቆም ጀርሙን ማለማመድ ነው።

ወተቷን እንጠጣ? እንሽጥ?

እባጩ ከግት ውጭ ከሆነ፣ ትኩሳት ከሌላትና መድኃኒት ካልተወጋች ወተቷ እንደወትሮው ፈልቶ ይጠጣል። ስታልቡ ግን ቁስሉን የነካ እጅ ግት እንዳይነካ፤ መጀመሪያ ማለብ፣ ቁስል ማጠብ በኋላ።

አንቲባዮቲክ ከተወጋች ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ ወተቱ ይደፋ። ቀኑ ከመድኃኒት መድኃኒት ይለያያል፤ ሁለት ጠርሙስ ላይ ያለው ስም አንድ ቢሆን እንኳ ጀርባውን ያንብቡ። ማፍላት መድኃኒቱን አያጠፋውም። አንድ ግቢ ውስጥ እርጎው በሦስት ቀኑም ውሃ እንደመሰለ አልረጋ ብሎ ቅሉን ሲያጥኑ፣ ሲያጥቡ የቆዩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ላሟ በሳምንቱ መጀመሪያ ኦክሲቴትራሳይክሊን ተወግታ ነበር። ወተቱን የሚያረጉትን ጀርሞች እንዳይራቡ ያገደው ያው መድኃኒት ነው፤ ያንን ወተት ደንበኛ ቤት ያሉ ሕፃናትም ጠጥተውታል። ለዕርድም እንዲሁ የተጻፈ ቀን አለ፤ ከወተቱ ብዙ ጊዜ ይረዝማል።

መተኮስ፣ ላምባ፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይት?

እባካችሁ ይቅር። መተኮስ ያልበሰለውን እባጭ አያበስለውም፤ ሌላ ቁስል ይጨምርበታል። ላምባና ዘይት ሥጋውን ያቃጥላሉ፣ ላሟም ስትልሰው ወደ ሆዷ ይገባል። ማር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ታጥቦ የጠራ ቁስል ላይ ንጹህ ማር ቢቀባ ይረዳል፣ ዝንብ እንዳይሰበሰብበት ብቻ ይጠበቅ።

ትል ገባበት!

ከሰኔ እስከ መስከረም ይህ ጥሪ ይበዛል። ትሉን በመቆንጠጫ አንድ በአንድ ይልቀሙ፣ በጨው ውሃ ደጋግመው ይጠቡ፣ ለእንስሳት ቁስል የተሠራ ዝንብ የሚከላከል ስፕሬይ ዙሪያውን ይርጩ። ጠልቆ ከገባ ሐኪም ይጥሩ። እበቱ በየቀኑ ካልተጠረገ ግን ትሉ ይመለሳል።

እብጠት አይታይም፤ ግን በድንገት አነከሰች

ሰኮናዋ ስር መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። ሰኮናው ታጥቦ ሲታይ ጥቁር ነጥብ ወይም ስንጥቅ ይገኛል፤ ሲቀረፍ ግራጫ የሚሸት ፈሳሽ ይወጣና ላሟ ወዲያው ትቀልላለች። ፉርሽካና ሞላሰስ በዝቶ ድርቆሽ ሲያንሳት ሰኮናዋ ይዳከማል፤ ወለሉም ጠጠር ከሆነ ይብሳል። ቆራጩ ልምድ ያለው ይሁን።

ሐኪም ስደውል ምን ልበል?

«አብጣለች» ብቻ አይበሉ። የት ቦታ እንደሆነ፣ መቼ እንዳዩት፣ በስንት ቀን ምን ያህል እንዳደገ፣ ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ፣ ሙቀቷ ስንት እንደሆነ፣ ባለፈው ወር መርፌ ተወግታ ከሆነ ምን እንደተወጋች፣ እርጉዝ ከሆነች የስንት ወር እንደሆነች ይንገሩ። በቀን ብርሃን፣ ከጎንና ከኋላ፣ ለመጠን ማሳያ እጅዎን አጠገቡ አድርገው ፎቶ ያንሱና ይላኩ። እስኪመጣ ድረስ ከሌሎቹ ለይተው ደረቅ ጭድ ላይ ያስሯት፤ ውሃም ይቅረብላት።